ጎብዬ፣ ጎበዬ፣ ጎቢየ

ሰው ጥፋቱን የሚናዘዘው ለነፍስ አባቱ ነው። የእኔ የነፍስ አባት ግን ጥፋቱ በተፈጸመበት ግብዣ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስለነበር አዲስ የምነግራቸው ነገር የለም። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። ፍርዱን ስጨርስ ትሰጣላችሁ፤ ካሁኑ ከጀመራችሁ አፍሬ መሐል ላይ አቆማለሁ።

እኔ ቆቦ ከተማ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት አንድ አግዳሚ ወንበርና ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ የሚያዘዋውር እንጂ የማይቀንስ አንድ ቬንትሌተር አሉኝ። የመሬት ክርክሩም፣ የዝውውር ጥያቄውም፣ የጠፋው በሬም በእኔ ጣት ነው የሚያልፈው። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው ከእናቱ የሚወለደው አንዴ ቢሆንም ከወረቀት ግን ደጋግሞ እንደሚወለድ ነው። ጎረቤቴን ሐጅ ሁሴንን ውሰዱ። የማሽላ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። በመሬት ደብተራቸው ሁሴን፣ በመታወቂያቸው ሑሴን፣ በንግድ ፈቃዳቸው ሁሤን ናቸው። ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳውን ማመልከቻ በየጊዜው የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ሲገቡ «ሦስታችሁም ተቀመጡ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም ቀና ብለው አግዳሚውን ያዩና «ሁለቱ ውጭ ይጠብቁኝ፣ ወንበርህ ጠባብ ነው» ይላሉ።

ይህን የምነግራችሁ አንድ ፊደል ሰውን ምን ያህል እንደሚያንከራትት ከማንም ይልቅ የማውቅ ሰው መሆኔን እንድትይዙልኝ ነው። ሳያውቅ ገደል የገባ ይታዘንለታል። እኔ ገደሉን ለክቼ፣ ስፋቱን ጽፌ፣ ማኅተም አድርጌበት ነው የገባሁት።

ታላቅ እህቴ ወርቅነሽ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የምትኖረው እኔ ጋ ነው። አንድ ልጇን የሺን ያሳደግናት አብረን ነው። የሺ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በዓለም ላይ የሚነበብ ማዘዣ የሚጽፍ አንድ ጤና መኮንን እንዳለ፣ እሱም እዚሁ ቆቦ እንደተመደበ ነገረችን። እህቴ ነገሩ ወዲያው ገባት። እኔ ስለ እጅ ጽሑፍ የምታወራ መስሎኝ ጥሩ ጸሐፊ ለአገር እንደሚጠቅም አስረዳኋት። ልጁ ደሳለኝ ይባላል፤ የጋይንት ሰው ነው። አባቱ ሞተዋል። ትሑት፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ፣ ቤታችን በመጣ ቁጥር ጫማውን በር ላይ ሁለት ሁለቴ የሚጠርግ ልጅ ነበር። ወደድነው።

ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሰዎች ከጋይንት መጡ። እንደ ደንቡ ሰባት ቤት ተቆጠረ። በእነሱ በኩል ጎበዬ የሚባል ስም፣ በእኛ በኩል ጎብዬ የሚባል ስም ተጠርቶ ነበር፤ አንዱ የጋይንት፣ አንዱ የራያ ነውና ማንም ልብ አላለው። ዝምድና የለም ተባለና ሁሉም ደስ አለው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የሺ የልጅ እናት ነበረች። ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጢሙን እያሻሸ የልጁ ታላቅ አጎት ዳኛ መሆናቸውን፣ ስንቱን የተጣመመ ነገር እንዳቃኑ ተረከልን። ሲጨርስ ዘወር አለና በእናንተስ በኩል የሚጠቀስ ሰው ማን አለ ብሎ ጠየቀ። እህቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁት።

«እኔ ጸሐፊ ነኝ» አልኩ።

«የማን ጸሐፊ?»

«የሕዝብ።»

ሽማግሌው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ሰው በትሕትና ራሱን ሲነቀንቅላችሁ ከመሰደብ የባሰ ነው፤ ስድብ መልስ አለው። ያን ቀን ምሳዬን ሳላላምጥ ዋጥኩና ለወገኖቼ ታላቅ ሰው ፈልጌ ሳላገኝ ላልተኛ ማልኩ። ተኝቻለሁ እርግጥ፤ ግን መሐላው መሐላ ነው።

የአያቴ አባት ጎብዬ ይባላሉ። ከቆቦ ወደ ደቡብ መንገዱን ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ጎብዬ የምትባል ከተማ አለች። ዕድሜዬን ሙሉ በሚኒባስ አልፌያት ስሄድ አንድ ቀን እንኳ ዘመዴ መሆኗ አልታየኝም ነበር። ከሽምግልናው በኋላ ግን ታየኝ። አባቴ በሕይወት ሳሉ ሰው ስለ ስሙ ሲጠይቃቸው «እንኳን ከተማ፣ የገዛ ጎጆው በስሙ አልተጠራም» ይሉ ነበር። አባቴ ግን አሁን የሉም፤ የሌለ ሰው አይቃወምም። ኮምፒውተሬን ከፈትኩና በትልቁ ጻፍኩ፤ «የጎብዬ ዘር ታላላቅ ሰዎችና ቦታዎች»። ለቃል ማሰሪያው ግብዣ የሚታደል መጽሔት መሆኑ ነው።

ርእሱን መጻፍ ቀላል ነው። ችግሩ ሰዎቹ ናቸው። ፌስቡክ ላይ ገብቼ በስሙ የሚጠራውን ሁሉ ማሰስ ጀመርኩ። ጎብዬ ሲያልቅብኝ ጎቢየ አልኩ፤ ጎቢየ ሲያልቅ ጎበይ፤ ጎበይ ሲያልቅ ጉብዬ። ፊደል እንደ ላስቲክ ነው፤ ሳብ ያደረገው ያገኘዋል። አንድ ሯጭ አገኘሁ፤ አያቱ ጎቢየ ነው። አንድ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል አገኘሁ፤ አባቱ ጎበይ። ውጭ አገር የሚያስተምር አንድ ምሁር አገኘሁ፤ እሱ እንኳ በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ የተጻፈው ጎብዬ ይሁን ጉቤ እግዜር ይወቅ። ለሁሉም መልእክት ላክሁላቸው። ሯጩ መልስ አልሰጠም፤ ሮጧል ማለት ነው። ምሁሩ ገጹን ዘጋብኝ። ኮሎኔሉ ስሜን ማን ሰጠህ፣ ዓላማህስ ምንድን ነው ብሎ ጻፈልኝና ሁለት ቀን ከቤት ሳልወጣ ዋልኩ። ከጎረቤታችን ከዋጃ ከተማ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ጎብ ጎብ የሚል ስም ያላት አንዲት ኮረብታ እንዳለች ሰምቼ እሷንም አስገባኋት። ከዘመዶቼ ሁሉ ሳትቃወም ዝም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

አንድ ረፋድ ሐጅ ሁሴን ብቅ አሉና ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ዕረፍት የምተይበው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የጎብዬን ዘር እየጻፍኩ ነው አልኳቸው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ አባታቸው ስለ ጎብዬ ልጆች ያወሩ እንደነበር፣ በተለይ ስለ ታናሽየው አንድ ነገር እንዳለ ጀመሩ። እኔ ዓይኔን ከኮምፒውተሩ አላነሣሁም።

«የዘር ጉዳይ ነው ሐጅ፤ እርስዎን አይመለከትም» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «አላህ ያቅናልህ» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ሣምንት ሳይሞላ ደሴ ወደሚኖረው ልጃቸው ዘንድ ለሕክምና ሄዱ፤ እኔም ነገሩን ረሳሁት።

አሁን ስለ ታናሽየው ልንገራችሁ። ጎብዬ ሁለት ወንዶች ወልደዋል፤ አያቴን ሞላንና ታናሹን ፈንታውን። ፈንታው በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ ቀረ። በየቤቱ እንዲህ ወጥቶ የቀረ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሰው ሲያጠፋም ሲያብድም ሲከብርም በእሱ ይመካኛል። የእኛም ፈንታው ሰማንያ ዓመት ሙሉ የትም ሳይገኝ በሰላም ኖሯል። ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ያገኘሁትም እንዲህ ነው። መጽሔቱ ላይ የሙሽራውን ወገኖች ስም በክብር ላሰፍር ብዬ የሺን የዳኛውን ሙሉ ስም ጠየቅኳት። ስልኳን አየችና «ዳኛ ጌታቸው ፈንታ ጎበዬ፤ በደንብ ጻፈው አንተ፣ እንዳታዋርደኝ» አለች።

ፈንታ ጎበዬ! የጠፋው ፈንታው ጎብዬ! «ው» የጎደለች እንደሆነ በጋይንት ብርድ ረግፋ ይሆናል። «ብ» ወደ «በ» የተለወጠችም እንደሆነ ከቆላ ደጋ ሲወጣ ምን የማይለወጥ አለ? ዳኛው የእኛ ናቸው! ያ ጢሙን የሚያሻሽ ሽማግሌ የሚመካበት ሰው የእኔው የአያቴ ወንድም ልጅ ናቸው! ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። የመጀመሪያውን ገጽ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት፤ ፈንታው ከራያ ተነሥቶ የወሎን ደጋ አቋርጦ ጋይንት እንዴት እንደገባ፣ እዚያም እንዴት ጎጆ እንደቀለሰ፣ ዳኛ ጌታቸውን እንዴት እንደወለደ በደማቅ ፊደል አሰፈርኩ። የትኛው ወንዝ ዳር እንዳደረ ሳይቀር ጽፌያለሁ። እንዴት አወቅክ ብትሉኝ፣ ሃያ ዓመት ለፍርድ ቤት ሳመለክት የኖርኩ ሰው መሆኔን አስታውሱ።

መቼም አንድ ጥያቄ አፋችሁ ላይ ደርሷል። የዳኛው ታናሽ ወንድም የደሳለኝ አባት አይደሉም ወይ? ናቸው። ዳኛው ዘመዴ ከሆኑ ደሳለኝስ? እሱም። ታዲያ አላሰብከውም ወይ? አላሰብኩትም። ዓይኔ ዳኛው ላይ ስለነበር ሙሽራው አልታየኝም።

ስልሳ ቅጂ አተምኩ። ለጎብዬ ከተማ ሰዎችም፣ ለዋጃም በመንገደኛ ላክሁ። የግብዣው ቀን ግቢያችን በድንኳን ተሞላ። በሙሽራው በኩል ዳኛው ታመው ስላልመጡ የሙሽራው የእናቱ እህት እማሆይ ይመኙሻል ዋና ሆነው መጥተዋል። የነፍስ አባታችን ከፊት ተቀምጠዋል። ምግቡ ከቀረበ በኋላ ማንም ሳይጋብዘኝ ተነሣሁና ጉሮሮዬን ጠርጌ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። ያ ጢሙን የሚያሻሽ የጋይንት ሽማግሌ ጉርሻውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። ሳነብ ጣቴን ወደ ላይ አነሣ ሁሉ ነበር። ስጨርስ ሊጨበጨብልኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

እማሆይ በጣቶቻቸው መቁጠር ጀመሩ። አንድ ጊዜ ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ።

«ደሳለኝ፣ አባቱ፣ ፈንታ፣ ጎበዬ። በእሱ ሦስተኛ ነው» አሉ። «በእሷሳ?»

 የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ስም ሲጠየቅ መመለስ ልማዴ ነው። «የሺ፣ እናቷ፣ አባቴ፣ ሞላ፣ ጎብዬ። አራተኛ» አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።  ነገሩን ላድን ብዬ የተናገርኩትን እስከ ዛሬ ቆቦ ላይ ይተርቱብኛል።

«ሦስትና አራት ሲደመር እኮ ሰባት ነው» አልኩ።

እማሆይ ሰባት ቤት በየወገኑ እንጂ ተደምሮ እንደማይቆጠር ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር አስረዱኝ። የነፍስ አባታችን እጃቸውን ታጠቡ። እኔ እየተርበተበትኩ ገምቼ ነው እኮ የጻፍኩት፣ እርግጠኛ አይደለሁም አልኳቸው።

«ልጄ፣ በአደባባይ ያነበብከውን በጓዳ ገመትኩ አትበል» አሉኝ የነፍስ አባቴ።

ደሳለኝ ተነሥቶ ቆመ። የሺ ቀና ብላ አየችው። እኔም፣ እህቴም፣ ድንኳኑም ሁሉ አየነው። መጽሔቱን አራት አጠፈና ኮቱ ኪስ ከተተው፤ ወደ አክስቱ ተመለከተ፤ ከዚያ ተቀመጠ።  ነገሩ እስኪጣራ ይቆይ ተባለና ሰው ሁሉ ጫማውን እየፈለገ ሄደ።

እስኪጣራ የተባለውን ላጣራ በማግስቱ ተነሣሁ። በገዛ እጄ የፈተልኩትን በገዛ እጄ ልፈታ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ጎብዬ ሄድኩ። መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት የተሰበሰቡ ትልልቅ ሰዎች ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡልኝ። መጽሔቱ ደርሷቸዋል! የከተማችን ባለስም ዘር መጣ ብለው በሁለት በኩል ይዘው አስቀመጡኝ። እኔ ከተማዋ በአያቴ አባት ስም እንዳልተጠራች፣ የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ እንደሆነ ብነግራቸው፣ እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አላየንም ብለው ይበልጥ ወደዱኝ። የማላውቀው ሰው ሻዬን ከፈለ። አንዱማ አያቱ ለጎብዬ በሬ ጠምዶ እንደሚያውቅ ማለልኝ። ሰውዬው ሲምል ደስ ብሎት ነበርና ልከራከረው አልቻልኩም።

ወደ ዋጃ ዞርኩ። እዚያ የድሮውን ሁሉ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ ተባልኩ። ከቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፈንታው የሚባል፣ ከራያ ወጥቶ የቀረ ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አውቃለሁ እንጂ» አሉ ቀልጠፍ ብለው። «ጋይንት ገብቶ ነው። እዚያ ዳኛ ወልዷል።»

 «ማን ነገረዎት?»

«የልጅ ልጄ ከወረቀት አነበበችልኝ።»

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ አባቴ!»

«ታዲያ አንተው እያወቅከው እኔን ምን ታደክመኛለህ?»

እንዲህ እያለ ወር ሆነ፤ ሁለት ወር ሆነ። በሄድኩበት ሁሉ የማገኘው ምስክር የገዛ መጽሔቴን ነው። ውሸት አንዴ ከታተመ ሽበት ያወጣል፤ ሽበት ያወጣን ነገር ደግሞ በእኛ አገር ማንም አይደፍረውም። ዳኛው ጋ ለምን አልደወልክም ትሉኝ ይሆናል። ቁጥራቸው ነበረኝ። ግን ሳላስፈቅድ አያት የቀየርኩለትን ሰው፣ ያውም ዳኛ፣ ምን ብዬ ልደውልለት? ነገ እያልኩ ዋልኩ። የእነሱም ወገኖች ለታመመ ሰው የማይሆን ወሬ አናሰማም ብለው፣ ሳይስማሙ ቀሩ ብቻ እንዳሏቸው በኋላ ሰማሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደሳለኝ ራሱ ቤቴ ገባ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን እያየ ማመልከቻ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። የምን አልኩት። የዝውውር አለኝ።

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ ስንት ጊዜ ብያዋለሁ። ቆይ፣ ትንሽ ታገሠኝ፣ ስሙ ሳይጣራ አትሂድ፣ ከዚህ ተነሥተህ መድኃኒት ቤት ሂድና አንድ ቃል ንገራት። ይህን ሁሉ ትቼ «ምክንያቱን ምን ልበል?» ብዬ ጠየቅኩት። ሥራ ሆኖብኝ ነው። እጄ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ ልቤ ሌላ ቦታ ነው።

«ማኅበራዊ ችግር በለው» አለኝ።

ጻፍኩት። ምን ዓይነት ማመልከቻ እንደወጣኝ ብታዩ! ሃያ ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ የተዋጣ እሱ ነው፤ የወላጅ እናቱን ብቸኝነት፣ የቆላውን ወባ፣ የልጁን ታታሪነት አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ ድንጋይ የሚያስለቅስ አድርጌ ጻፍኩት። አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም። አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሁለት ሣምንት ሳይሞላ ተፈቀደለት።

ሐጅ ሁሴን ከደሴ ሲመለሱ ደሳለኝ ከሄደ አራት ወር ሆኖታል። ከስተዋል፤ ግን ደህና ናቸው። የሱቃቸውን በር ሲከፍቱ ሰላምታ ልሰጥ ሄድኩ። ያሳለፍኩትን ከመንገደኛ ሰምተው ኖሮ እጄን እንደያዙ አግዳሚያቸው ላይ አስቀመጡኝ።

«ፈንታው እኮ ጋይንት አልሄደም» አሉኝ። «ከአባቴ ጋር ግመል ነድቶ አፋር ወረደ። እዚያ ወባ ያዘው። አባቴ ናቸው የቀበሩት። ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ ገና ጎረምሳ ነበር። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ስሙን ሲያነሡ ዓይናቸው እንባ ያዝል ነበር።»

 ለምን አልነገሩኝም ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሱን ራሴው አስታወስኩትና ዘጋሁት። ሐጅም አላስታወሱኝም። «አብሽር» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ፤ ከቀኑ ሁሉ ይህ ነው የከበደኝ። ስሙን የያዘውን ሁሉ፣ ሯጩን፣ ኮሎኔሉን፣ ኮረብታውን ሳይቀር ጠይቄ፣ ታሪኩን የያዘውን ጎረቤቴን አይመለከትዎትም ብዬ መለስኩ።

እዚያው ሆኜ ለዳኛው ደወልኩ። ሳልተነፍስ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ በደከመ ድምፅ፣ ጎበዬ የሚባል አያት ጨርሶ እንደሌላቸው ነገሩኝ። የአያታቸው ስም ገበየሁ ነው። ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ሲገቡ መዝጋቢው አጣሞ የሰማውን ጎበዬ ብሎ ጻፈው፤ ታናሽ ወንድማቸውም ሲገባ የእሳቸውን ወረቀት ተከትሎ ተጻፈ፤ ዘመድም ሁሉ ያንኑ ለመደና በዚያው ቀረ።

«የሰውን ሁሉ ስም ሳስተካክል ኖሬ የራሴን ነገ እያልኩ አሳደርኩት» አሉ። ቀጥለውም ልጆቹስ የት ደረሱ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ማለት አፍሬ ደህና ናቸው አልኳቸው።

ስልኩን እንደዘጋሁ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሮጥኩ። በባጃጅ ብሄድ እደርስ ነበር፤ አላሰብኩትም። የሺ ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ለአንዲት እናት ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳች ነበር። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቅኩና እያለከለክሁ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ገበየሁ መሆኑን፣ ፈንታው ልጅ ሳይወልድ መሞቱን፣ ዝምድና የሚባል ነገር በጭራሽ እንዳልነበረ። አሁኑኑ ልደውልለት፣ ጋይንት ድረስ ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ አልኳት።

የመድኃኒት ጥቅሎቹን እየደረደረች ሰማችኝ። ስጨርስ ደሳለኝ ባለፈው ወር እዚያው አገሩ ቀለበት ማሰሩን ነገረችኝ። ከግብዣው ማግሥት ደውላለት እንደነበር፣ ስሙን አብረን እናጣራ ብትለው ቤተሰቦቼ ያሉት ነው ብሎ እንደዘጋው የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

«አንቱ የተሳሳቱት ለእኔ ብለው ነው፤ አውቃለሁ» አለችኝ። «እሱ ዝም ያለው ግን ለማን ብሎ እንደሆነ አላወቅኩም። ይተዉት በቃ፤ ውሃ ልስጥዎት?»

መጀመሪያ ሰው ኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም አልነበረም። አንቱ የተባልኩት እኔ ነኝ። ከአፏ ቃል ከወጣ ጀምሮ አንተ ስትለኝ፣ ስትሰድበኝ፣ ኪሴን ስትፈትሽ ያደገች ልጅ ናት። እህቴ ነገሩን ስነግራት፣ ልጅ ሲያድግ ታላቁን ያከብራል፣ ምን ይከፋሃል አለችኝ። እውነቷን ነው። ክስ የሚመሠረትበት ነገር የለውም። አከበሩኝ ተብሎ አቤት የሚባልበት ማመልከቻ እስከ ዛሬ አልጻፍኩም፤ ለማን ተብሎ እንደሚጻፍም አላውቅም።

ደሳለኝ አግብቷል። ሐጅ ሁሴን ወደ አፋር ሲወርዱ የፈንታውን መቃብር ሊያሳዩኝ ቃል ገብተውልኛል። የቀሩትን መጽሔቶች ሰብስቤ አቃጥያለሁ፤ ጎብዬ ከተማ ያሉት ሰዎች ግን የእነሱን አንመልስም ብለዋል። የሺ ደህና ናት። ትሠራለች፣ ትስቃለች፣ ከእናቷ ጋር ታወራለች። እኔ ስገባ ከወንበሯ ትነሣለች።

ትናንት ምሳ ላይ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «አንቱ ይቅደሙ» አለችኝ። ቀደምኩ። አንድ ጎርሼ ውሃ ጠየቅኩ። ተነሥታ ቀድታ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችኝ።